የአጎታችን መኪናና የዘይቱ ማቀዝቀዣ

እኛ ክረምት በምንለው፥ በአውሮጳውያን ዘንድ ግን በጋ በሆነው ወራት ለሥራ ጉዳይ ወደ ጀርመን አገር ሄደን ነበር። ሥራችን ከተፈጸመ በኋላም ከብዙ ዘመን ጀምሮ በሽቱትጋርት ከተማ የሚኖሩትን አጎታችንን ለመጠየቅ ወደ ቤታቸው ሄደን ዐሥራ ሁለት ቀን ተቀመጥን። ለዛሬው ጽሑፋችን መነሻ የሆነን በእነዚያ ቀኖች በጋራዣቸው ውስጥ ያየነው፥ የሠራነውና የተሳሳትነው ነገር ነው። የመኪና ነገር በቤተ ሰብ ገጽ ላይ ምን አመጣው የሚል አንባቢ ቢኖር አንፈርድበትም፤ ነገር ግን ያ መኪና ከጋራዥ አልፎ ቤት ገብቶ በባልና በሚስት መካከል ተቀምጦ ነበርና ጥቂት ቢታገሠን ደስ ይለናል።

አጎታችን በልጅነታቸው በአሥመራ ከተማ በአንድ ጋራዥ ተለማማጅ ሆነው ሠርተዋል። ስለዚህ ሠላሳ ዓመት ያህል በጀርመን ፋብሪካ የሌሊት ተራ ሠርተው ጡረታ ከወጡ በኋላ እንኳ፥ የመኪና ዕቃ የሚጠሩት በኢጣልያንኛ ስሙ ነው። አማርኛ ለሚማሩት አንባቢዎቻችን ይህ እንግዳ ሊሆንባቸው አይገባም፤ በአሥመራም ሆነ በአዲስ አበባ ወደ ጋራዥ የገባ ሰው የሚሰማው ካንዴላ፥ ፍሪሲዮን፥ ማርሚታ፥ ፓራፋንጎ፥ ቡሎን፥ ዳዶ የሚለውን ነውና። እነዚህን ቃላት በመዝገበ ቃላት ፈልጎ ያጣ ተማሪ ወደ ጋራዥ ይሂድ። ማቀዝቀዣ የሚለው ቃል ግን የራሳችን ነው። ቀዘቀዘ ከሚለው ግሥ አቀዘቀዘ፥ ከአቀዘቀዘም ማቀዝቀዣ ይወጣል፤ ከፈተ ብሎ መክፈቻ፥ ጠረገ ብሎ መጥረጊያ እንደሚባለው ማለት ነው። በትግርኛም መዝሓሊ እንለዋለን።

አጎታችን የገዙት መኪና ፖርሽ 911 የሚባለው ነው። ይህ ዐይነት መኪና ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ የታየው እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1963 ዓ.ም. በፍራንክፉርት የመኪና ትርኢት ላይ ሲሆን፥ ስሙ በዚያን ጊዜ 901 ነበር። ሆኖም ፔዦ የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ በመካከሉ ዜሮ ያለበት ባለ ሦስት አኃዝ ስም የእርሱ መብት መሆኑን ገልጾ ስለ ተቃወመ፥ በ1964 ስሙ 911 ተባለ። ሞተሩ ከኋላ ነው፤ እስከ 1998 ድረስም በአየር የሚቀዘቅዘው ዐይነት ሲሠራ ቈይቷል። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በዚሁ በአውሮጳ አቈጣጠር ናቸው። የአጎታችን መኪና የ1974 ሥራ ነው፤ ሞተሩ 2.7 ሊትር፥ ጕልበቱ 150 የፈረስ ጕልበት፥ መልኩም ብጫ ነው። ፋብሪካው በዚያው በሽቱትጋርት ስለ ሆነ፥ አጎታችን በሌሊት ተራቸው መመለሻ በደጁ ሲያልፉ ሃያ ዓመት ሙሉ ሲመኙት ኖረው ጡረታቸው ሲቃረብ ገዙት። ባለቤታቸው ግን «ለልጃችን ሠርግ ያስቀመጥነው ገንዘብ አራት ጎማ አውጥቶ ከደጅ ቆሟል» ይሉ ነበር።

ልጅቱ በአውሮጳ መስከረም በኢጣልያ አገር በቦሎኛ ከተማ እንድታገባ ቀኑ ተቈርጦ ነበር። አባትም ሙሽራይቱን በዚህ መኪና አሳፍረው የብሬነርን ተራራ አቋርጠው ሊያደርሷት ቃል ገብተዋል። ቃሉ የተሰጠው ልጅቱ ገና የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለች፥ መኪናውም ሳይገዛ ነበር ይባላል፤ እንዲህ ያለው ቃል ደግሞ ለማጠፍ ከሁሉ ይልቅ የሚያስቸግር ነው።

ችግሩ ሞተሩ ይግል ነበር። በደረስን በሁለተኛው ቀን ከሽቱትጋርት ወደ ኡልም በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ይዘውን ሄዱ። መንገዱ የአልብን ከፍታ መውጣት ሲጀምር፥ የዘይቱን ሙቀት የሚያሳየው መርፌ ቀስ እያለ ወደ ቀዩ ምልክት ተጠጋ፤ አጎታችንም የጀመሩትን ጨዋታ አቋረጡ። ከዚያ በኋላ እስከ ዳገቱ ራስ ድረስ ማንም አልተናገረም። «እንግዲህ አየህ ልጄ» አሉን መኪናውን ከመንገድ ዳር አቁመው፤ «አልብን ያልቻለ ሞተር አልፕስን እንዴት ይችላል?»

በአየር የሚቀዘቅዝ ሞተር ማለት ውሃና ራዲያተር የሌለው፥ በሲሊንደሮቹ ላይ ባሉት ብዙ ስስ ክንፎች መካከል ቬንቲላተር ነፋስ እየነዳ የሚያቀዘቅዘው ሞተር ነው። በአዲስ አበባ መንገድ ለብዙ ዘመን ሲመላለስ የኖረውን ቮልስ የሚያውቅ ሁሉ ይህን ያውቃል። ይሁን እንጂ ነፋሱ የሚደርሰው በውጭ በኩል ላለው አካል ብቻ ነው። የፒስቶኑን ሆድ፥ ዋናውን ዘንግና ኩሽኔታዎቹን ነፋስ አይነካቸውም፤ የእነርሱን ትኵሳት ተሸክሞ የሚወጣው ዘይት ነው። ስለዚህ የዘይቱ ሥራ ማለስለስ ብቻ ሳይሆን፥ ውሃ በሌለበት ሞተር የውሃን ሥራ ጭምር መሥራት ነው። የሞቀው ዘይት ሙቀቱን የሚያራግፍበት ቦታ ይፈልጋልና፥ ቮልስም ፖርሽም በሞተራቸው ላይ አንድ አንድ ትንሽ የዘይት ማቀዝቀዣ አላቸው። በአሮጌው ቮልስ ይህ ማቀዝቀዣ የቆመው ነፋሱ በሚያልፍበት መንገድ ላይ ስለ ነበር፥ ከእርሱ በታች ያለው 3ኛው ሲሊንደር የሚያገኘው ነፋስ አስቀድሞ የሞቀ ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚቃጠለውም እርሱ ነበር። ፋብሪካው ከ1971 ሞዴል ጀምሮ የማቀዝቀዣውን ቦታ የለወጠው በዚህ ምክንያት ነው።

ፖርሽ 911 ግን ከቮልስ የሚለይበት አንድ ትልቅ ነገር አለው። ብዙው መኪና ዘይቱን ከሞተሩ በታች ባለ ገንዳ ውስጥ ሲያስቀምጥ፥ 911 የሚያኖረው በተለየ ታንክ ውስጥ ነው። አንዱ ፖምፓ በሞተሩ ሆድ የወረደውን ዘይት ጠርጎ ወደ ታንኩ ይልካል፤ ሌላው ከታንኩ ስቦ ወደ ሞተሩ ይገፋል። ታንኩ ያለው በቀኝ በኩል በኋላው ጎማ አጠገብ ነው። በ1972 ሞዴል ላይ ፋብሪካው ታንኩን ከጎማው ፊት አዛውሮ ለዘይቱ መሙያ በውጭ በኩል ትንሽ በር አበጅቶለት ነበር፤ ነገር ግን ቤንዚን ቀጂዎች የቤንዚን በር እየመሰላቸው በዘይቱ ታንክ ቤንዚን ይጨምሩ ስለ ነበር በሚቀጥለው ዓመት ተወው ይባላል። እኛ በዚህ ሳቅን፤ አጎታችን ግን አልሳቁም።

ዘይቱ እንዲህ ባለ ረጅም መንገድ የሚዞር ስለ ሆነ፥ ከሞተሩ ወደ ታንኩ በሚመለስበት መንገድ ላይ ሁለተኛ ማቀዝቀዣ መጨመር ይቻላል። ይህም የአማተሮች ፈጠራ አይደለም። ፋብሪካው ራሱ ለ1969 ሞዴል፥ 911 ኤስ የተባለው ሞተር 170 የፈረስ ጕልበት በደረሰ ጊዜ፥ በቀኝ በኩል በፊተኛው ፓራፋንጎ ውስጥ ተጨማሪ ማቀዝቀዣ አገባለት። የአጎታችን መኪና ግን ዝቅተኛው ዐይነት ስለ ነበር ይህን አላገኘም።

ለምን ያህል ያስጨንቃል የሚል ቢኖር፥ የሞተሩ አካል የተሠራው ከማግኒዚየም ነው። ማግኒዚየም ክብደቱ ቀላል ነው፤ ሲግል ግን ከብረት ይበልጥ ይለጠጣል። ሲሊንደሮቹንና ቴስታታዎቹን ከሞተሩ አካል ጋር የሚያስሩት ረጃጅም የብረት ቡሎኖች እንደዚያ ስለማይለጠጡ፥ ትኵሳቱ ሲበዛ ጥርሳቸውን ከማግኒዚየሙ እየነቀሉ ይወጣሉ። የ2.7 ሊትሩ ሞተር በዚህ ሕመም የታወቀ ነው፤ ለ1978 ሞዴል የወጣው 911 ኤስሲ አካሉ ከአሉሚኒየም የተሠራ ነው። ጥፋቱ አንድ ጊዜ ከደረሰ ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ተፈትቶ እያንዳንዱ ቀዳዳ እንደ አዲስ መበጀት አለበት፤ ወጪውም ከሠርግ ድግስ አያንስም። የአጎታችን ባለቤት የመኪና ዕውቀት ባይኖራቸውም ይህን አንድ ነገር አሳምረው ያውቁ ነበር። ስለዚህ «ሳይሰበር ሽጠውና እንገላገል» ይላሉ። አንድ አሮጌ መኪና የሚሰበስብ ጎረቤታቸው ደግሞ መኪናው ከፋብሪካ እንደ ወጣ ካልቆየ ዋጋው ይወድቃል፥ ምንም አትጨምሩበት እያለ ይመክራል። እኛ የተስማማነው ከሁለቱም ጋር አልነበረም። የተጨመረው ነገር በቡሎን ታስሮ በቡሎን የሚፈታ ከሆነ፥ የድሮውም ዕቃ በሣጥን ከተቀመጠ፥ ከመኪናው ምን ይጐድላል? የተሰነጠቀ ሞተር ያለው ንጹሕ መኪና ንጽሕናው ለማን ይጠቅማል?

ሆኖም አጎታችን ያደረጉት አንድ ነገር አላስደሰተንም። መርፌው ገና እንደ ወጣ በቀጥታ ማቀዝቀዣ ሊገዙ ሄደዋል። ትኵሳት ያለበት ሰው ሐኪም ዘንድ ሲቀርብ አስቀድሞ የሚጠየቀው ትኵሳቱ ከምን እንደ መጣ ነው። እኛም በመጀመሪያ መለኪያውን ተጠራጠርን፤ በሌላ ቴርሞሜትር በታንኩ ውስጥ ያለውን ዘይት ስንለካ ግን ከ120 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሆኖ ተገኘ። መደበኛው ከ90 እስከ 100 ገደማ ስለ ሆነ መርፌው አልዋሸም። ከዚያ የካንዴላው እሳት የሚዘገይ እንደ ሆነ፥ ቤንዚኑም የሚያንስ እንደ ሆነ መረመርን፤ ሁለቱም ሞተር ያግላሉና። እነርሱ ደኅና ነበሩ። በመጨረሻ በሞተሩ ላይ ያለውን የመጀመሪያውን ማቀዝቀዣ ብንመለከት፥ በክንፎቹ መካከል አቧራና ዘይት ተደባልቆ እንደ ጭቃ ደርቆበታል። ሞተሩን ከላይኛው ክፍል የሚለየው የጎማ ማሸጊያም ተቀዷል፤ በዚህ ቀዳዳ ከታች የሚወጣው የጋለ አየር ተመልሶ ወደ ቬንቲላተሩ ይገባ ነበር። ይህን ስናጸዳና ስንጠግን አንድ ቀን ተኩል ፈጀብን። ወደ አልብ በተመለስን ጊዜ ሙቀቱ 113 ላይ ቆመ። መልካም ነው፤ ግን ያ ቀን ደመናማ ነበር፥ በመኪናው ውስጥም ሁለት ሰው እንጂ ሙሽራና የሙሽራ ሻንጣ አልነበረም። ማቀዝቀዣው እንዲጨመር የተወሰነው እንግዲህ በዚህ ጊዜ ነው።

አጎታችን አስቀድመው የገዙት ማቀዝቀዣ ያገለገለ ነበር። ቅርጹ እንደ ትሮምቦን መለከት የተጠማዘዘ ቱቦ ብቻ ስለ ሆነ በዚሁ ስም ይጠሩታል፤ ፋብሪካው ራሱ በ1970ዎቹ ይጠቀምበት የነበረ ነው። ሻጩ ንጹሕ ነው ብሎ ሸጦላቸዋል። እኛ ግን ከምን መኪና ላይ እንደ ወጣ ስንጠይቅ መልስ የሚሰጥ ስላልነበረ፥ በነጭ ጋዝ ሞልተን፥ አናውጠን በወጥ ቤት ጨርቅ ላይ አፈሰስነው። በጋራዡ መብራት ምንም አልታየንም፤ አጎታችንም ቱቦውን ለማሰር ተነሡ።

በዚያን ጊዜ ባለቤታቸው ጨርቁን ለማጠብ አነሡት። ወደ ወጥ ቤቱ መስኮት ይዘውት ሄዱና ወደ ፀሐይ ዘርግተው ቆዩ። «ይህ የሚያብለጨልጨው ምንድን ነው?» አሉ። ወጥተን ብናይ በጨርቁ ላይ እንደ ዓሣ ቅርፊት የሚያበሩ ረቂቅ የብረት ፍርፋሪዎች ነበሩ። ማቀዝቀዣው የወጣው ሞተሩ ከተሰበረበት መኪና ላይ ነበር ማለት ነው። እንዲህ ያለ ሞተር ኩሽኔታው ሲፈጭ ፍርፋሪው ከዘይቱ ጋር ዞሮ በማቀዝቀዣው መታጠፊያዎች ውስጥ ይቀመጣል፤ ዘይቱ ሲሞቅና ሲፈጥን ደግሞ ይነሣል። አጎታችን ገንዘባቸውን አስበው «አንድ ጊዜ ደግመን ብናጥበው? የቀረውን ማጣሪያው ይይዘዋል» አሉ። ማጣሪያው ይይዘዋል፥ ሁልጊዜ ግን አይደለም። ጧት ዘይቱ ቀዝቅዞ ሲወፍርና ማጣሪያውን ማለፍ ሲያቅተው፥ ሞተሩ ዘይት እንዳያጣ የጎን በር ይከፈትለታል፤ በዚያ በር ፍርፋሪውም አብሮ ያልፋል። ይህን ስንነግራቸው ዝም አሉ። ባለቤታቸው ጨርቁን አጣጥፈው ከጠረጴዛው ላይ አኖሩት፥ መኪናው ይሸጥ የሚለውን ነገርም በዚያ ቀን አላነሡም። ማታ ግን ለአዲሱ ማቀዝቀዣ የሚሆን ገንዘብ ከድግሱ ፖስታ ያወጡት እርሳቸው ነበሩ።

አዲሱ ማቀዝቀዣ እንደ ትንሽ ራዲያተር ክንፍ ያለው ነው። ከቀኙ የፊት መብራት በስተኋላ በፓራፋንጎው ውስጥ ይቀመጣል፤ ከኋላ ወደ ፊት ዘይቱን የሚወስዱትና የሚመልሱት ሁለት የብረት ቱቦዎችም በቀኙ በር ሥር ያልፋሉ። የነገሩ ልብ ግን ማቀዝቀዣው ሳይሆን ቴርሞስታት የተባለው ዕቃ ነው። ዘይቱ እስከ 83 ዲግሪ ገደማ እስኪሞቅ ድረስ ወደ ፊት የሚወስደውን መንገድ ዘግቶ በአጭሩ መንገድ ወደ ታንኩ ይመልሰዋል፤ ከዚያ በላይ ሲሞቅ ይከፍትለታል። ያለዚህ ዕቃ ማቀዝቀዣ የሚያስገባ ሰው የአንዱን በሽታ በሌላ ይለውጣል፤ ፈጽሞ የማይሞቅ ዘይት በሞተሩ ውስጥ የሚፈጠረውን የውሃ ጠል ተኖ እንዲወጣ አያደርገውምና ውሎ አድሮ ወደ ዝቃጭ ይለወጣል።

እዚህ ላይ የእኛን ስሕተት ሳንደብቅ እንጽፋለን። የቱቦውን ትልቅ ዳዶ በምናጠብቅበት ጊዜ አጎታችን «በሁለት መፍቻ!» ብለው አስጠንቅቀውን ነበር። አንዱ መፍቻ የማይንቀሳቀሰውን ወገን ይይዛል፥ ሌላው ዳዶውን ያዞራል። እኛ ግን ሁለተኛውን መፍቻ ለማንሣት ሰንፈን በአንዱ ብቻ ብንጎትት፥ ቱቦው ከዳዶው ጋር አብሮ ዞሮ እንደ እርጥብ ልብስ ተጠመዘዘ። ሌላ ቱቦ እስኪመጣ ሦስት ቀን ሙሉ ቆምን። አጎታችን አንድም ቃል አልተናገሩንም፤ በእነዚያ ሦስት ቀኖች ግን ሻይ ሲቀርብልን ሁለት ማንኪያ ያስቀምጡልን ነበር።

ሥራው ባለቀ ጊዜ ቱቦዎቹና ማቀዝቀዣው የሚይዙትን ያህል ዘይት መጨመር አስፈለገ። በ911 የዘይቱ ልክ የሚታየው እንደ ሌላው መኪና በቀዝቃዛና በቆመ ሞተር አይደለም፤ ሞተሩ ሞቆ፥ መኪናው በደልዳላ ሜዳ ቆሞ፥ ሞተሩ ሳይጠፋ ቀስ ብሎ ሲዞር ነው። ይህን የማያውቅ ሰው በቀዝቃዛው ለክቶ ጐደለ እያለ ስለሚጨምር ታንኩን ያጥለቀልቃል። እኛም ሞተሩን አስነሥተን የፊተኛውን ቱቦ ብንዳስስ እንደ በረዶ ቀዝቅዞ አገኘነውና ለጥቂት ጊዜ ደነገጥን፤ ቴርሞስታቱ ገና እንዳልከፈተ የተገነዘብነው ሩብ ሰዓት ያህል ነድተን ቆመን ቱቦው እጃችንን በጠበሰው ጊዜ ነው። በማግስቱ በ31 ዲግሪ ፀሐይ፥ አራት ሰው ጭነን አልብን ወጣን። ሙቀቱ 101 ላይ ደርሶ ከዚያ አላለፈም።

ወደ አገራችን ከተመለስን ወዲህ ቮልስ ያላቸው ሁለት ወዳጆቻችን ለእነርሱም ይህ ማቀዝቀዣ ይበጃቸው እንደ ሆነ ጠይቀውናል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ስለ ሆነች አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አምስተኛ ገደማ ይሳሳል፤ የሳሳ አየር ደግሞ የሚሸከመው ሙቀት ያንሳል። ነገር ግን በዚያው ልክ ሞተሩም ጕልበቱ ይቀንሳል፥ አየሩም ቀዝቃዛ ነው። ከቤት ወደ መሥሪያ ቤት ለሚመላለስ ቮልስ የሚያስፈልገው ትርፍ ማቀዝቀዣ ሳይሆን፥ በሞተሩ ዙሪያ ያሉት ቆርቆሮዎችና ጎማዎች ሳይጐድሉ መኖራቸው፥ የቬንቲላተሩም ቺንጊያ ያልላላ መሆኑ ነው። ብዙ ቮልስ ከነዚህ ቆርቆሮዎች አንዱን ወይም ሁለቱን በየጋራዡ ጥሎ መጥቷል። ወደ አዋሽ ቈላ ዘወትር የሚወርድ ሰው ቢጨምር አንቃወምም፤ የጎማው ቱቦ ግን ከማርሚታው እንዲርቅ፥ ከማንኛውም የቆርቆሮ ጠርዝም ጋር እንዳይፋተግ ያድርግ፤ የተቀደደ ቱቦ ዘይቱን በጋለ ብረት ላይ ይረጨዋልና መኪናው ይቃጠላል።

የአጎታችን ባለቤት በሠርጉ ሰሞን ከብሬነር ላይ ሆነው መልእክት ልከውልናል። ሙሽራይቱ ከፊት፥ እርሳቸው ከኋላ ተቀምጠው ነበር። «የኋላው ወንበር የሰው ወንበር አይደለም፤ ጕልበቴ አገጬን ነክቷል» ይላሉ፤ «አባትዬው በየኪሎ ሜትሩ መርፌው ስንት ላይ ነው እያለ ይጠይቀኛል፤ ከዚህ ሆኜ የሚታየኝ እርሱ ብቻ ስለ ሆነ እነግረዋለሁ።»